የሰኔ ቤንዚን

ወረታ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆኜ ስመደብ የተረከብሁት ሞተር ሳይክል በዕድሜ ከእኔ ብዙም አያንስም ነበር። ካርቡሬተር ያለው አሮጌ ሞተር ነው። እንዲህ ያለው ሞተር ጠባዩ ቀላል ነው፤ ንጹሕና ያልቆየ ቤንዚን ከሰጡት ይሄዳል፣ ካልሰጡት ይቆማል። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። የመሥሪያ ቤታችን የንብረት ክፍል ኃላፊ ግን ዕድሜውን በቤንዚን በርሜል አጠገብ ጨርሶም አልገባውም።

ኃላፊው በጀቱ ተመላሽ እንዳይሆን ሰኔ መጨረሻ ላይ በርሜል ሙሉ ቤንዚን ይገዛል። በዚያ ወቅት ደግሞ ፎገራ ሜዳ ላይ ውሃ ይተኛል፤ ሞተር ቀርቶ በቅሎም አይሻገረውም። ቤንዚኑ ክረምቱን በሙሉ በቆርቆሮ መጋዘን ይከርማል። የበርሜሉ ክዳን ከጠፋ ቆይቷል፤ አፉ በፌስታል ተወትፏል። አረቄ የሚያወጡ ሴቶች እንኳ ጠርሙሳቸውን ከዚህ አሳምረው ይደፍናሉ። አሮጌው ሳያልቅ አዲስ አይገዛም የሚል ሕግም ነበረው። ያወጣው ራሱ ነው።

ኅዳር ላይ አንድ ማለዳ ሲቀዳልኝ ቤንዚኑ ቀለሙ ሻይ መስሎ፣ ሽታው ደግሞ የበር ቀለም ሆኖ አገኘሁት።

“ጋሼ፣ ይሄ የተበላሸ ይመስለኛል፤ እስቲ ያሽትቱት” አልሁ። ይመስለኛል ያልሁት ፈርቼ ነው እንጂ እርግጠኛ ነበርሁ።

“አይ ዶክተር!” አለ፣ በር ላይ የቆሙት ሠራተኞች እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ። “ቤንዚን በቆየ ቁጥር ነው የሚከረው። ይሄን ደግሞ አላስተማሯችሁም?”

ሳቁ። እኔም ፈርሜ ተቀበልሁ።

ያን ቀን ርብ ወንዝ ዳር ባለ ቀበሌ ከብት መከተብ ነበረብኝ። ቆዳ ላይ እብጠት የሚያወጣው በሽታ ጎረቤት ቀበሌ ገብቷል። የቀበሌው ቄስ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስላስታወቁ ገበሬው የሩዝ አጨዳውን ትቶ ከብቱን ሰብስቦ ይጠብቀኛል። ክትባቱን በበረዶ ሳጥን ይዣለሁ፤ በረዶው ቀልጦ ከሞቀ ግን ከውሃ አይሻልም።

መንገዱን ሳላጋምስ ሞተሩ ተንተፋተፈና ቆመ። ረገጥሁት፣ አልተነሣም። ሜዳው ላይ የጥላ ዘር የለም። ሳጥኑን በነጠላዬ ሸፈንሁት።

መጀመሪያ ያለፈው ሰው “ካንዴላ ነው” ብሎ ካንዴላውን ፈታ፣ በሸሚዙ ጠረገው፣ መልሶ አሠረው። ሞተሩ ስላልተነሣለት ተቆጥቶኝ ሄደ። ሁለተኛው “ሴት ስትረግጠው መች ይነሣል!” አለና እስኪያልበው ረገጠ። ለእርሱም እምቢ ሲለው “አርጅቷል” ብሎ ፈረደበት። ታንኩን ከፍቶ ያሸተተ የለም። የእኛ አገር ወንድ ሞተር ሲቆም መርገጥ እንጂ ምን ጠጥቶ ነው ብሎ መጠየቅ አያውቅም።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ፣ በአቅራቢያው ሽንኩርቱን በፓምፕ የሚያጠጣ ገበሬ እግሩ ጭቃ እንደሆነ መጣ። የታንኩን ክዳን ከፍቶ አሸተተ።

“እቴ፣ ይሄን ማን አጠጣው?”

“መሥሪያ ቤቱ።”

“የመቼ ነው?”

“የሰኔ።”

መሬት ላይ እስኪቀመጥ ሳቀ። “ቤንዚን እኮ ወተት ማለት ነው። ቢያድር እንጂ አይከርምም። እኔ ፊደል ያልቆጠርሁት እንኳ ውሃ ማጠጣቱን ስጨርስ ፓምፔ ውስጥ ጠብታ አላስቀርም!”

የታንኩን ቤንዚን መሬት ላይ አፈሰሰው። ካርቡሬተሩን ፈትቶ ቤንዚን የሚያልፍባትን ጠባብ ቀዳዳ በበሬ ጭራ ፀጉር ጠረገ፤ ሽቦ ቀዳዳዋን ያሰፋታል አለኝ። ከፓምፑ አንድ ሊትር በጨርቅ አጥልሎ ሰጠኝ። ሞተሩ በሁለተኛው ርግጫ ተነሣ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ደረስሁ። ብዙ ሰው ሳይሄድ እየጠበቀኝ ነበር። ሳጥኑን ስከፍት ጠርሙሶቹ ለብ ባለ ውሃ ላይ ይንሳፈፋሉ።

የቀበሌው ሊቀመንበር አጠገቤ ጎንበስ አለ። “ውጊያቸው። ማን ያውቅብሻል?”

ከንብረት ክፍሉ ኃላፊ በምን ይለያል ብዬ አሰብሁ። ሁለቱም ዕቃው ካለ፣ ይሥራ አይሥራ አይገዳቸውም። ወደ ቄሱ ዞርሁ።

“አባ፣ መድኃኒቱ በሙቀት ተበላሽቷል። ብወጋቸው የተከተቡ ይመስላችኋል እንጂ አልተከተቡም።”

“እኔ ነኝኮ ያወጅሁት ልጄ” አሉ ቄሱ። ሰዉ ከብቱን እየነዳ ሄደ።

ማታ ኃላፊው ሞተሩ ተነሥቶ ሲገባ አይቶ “ይኸው፣ ደርሰሽ መጣሽ!” አለኝ። የገበሬውን ቤንዚን አንሥቼ ብነግረው የሚሰማኝ አልመሰለኝም።

ለሁለተኛው የክትባት ቀጠሮ ግን ከበርሜሉ አልወስድም አልሁት። በሥራ ዘመኔ እምቢ ስል ያ የመጀመሪያዬ ነው። መንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ ከሚሸጠው ቤንዚን አንድ ጠብታ ወረቀት ላይ ጠብ አደረግሁ፤ ደርቆም የቅባት እድፍ ተወ፤ ነጭ ጋዝ ቀላቅለውበታል። ማደያ ተሰልፌ በሳምንት የሚያልቅ ያህል ብቻ ገዛሁ፤ ክዳኑ በሚገጥም የብረት ዕቃ ጥላ ሥር አስቀመጥሁት።

በጊዜ ደረስሁ፤ በረዶው በረዶ እንደሆነ። የመጣው ከብት ግን ከፊተኛው ግማሹም አይሞላም። ቄሱ ደግመው አስታውቀው ነበር፤ ሰዉ አጨዳውን ሁለት ጊዜ አይተውም።

በሽታው ከብት ካላመጡት ሰዎች ቤት ገባ። አሁን ቁስል ላጥብ በየግቢው ስዞር “ያች ውሃ ይዛ የመጣችው” ይሉኛል። እኔም ጎንበስ ብዬ የላሟን ቁስል አጥባለሁ።