የአጎቴ ሰደርያ

ቅዳሜ እንጦጦ ላይ ሚዜዎች ከሙሽራው ጋር ፎቶ ሲነሱ አየሁ። ሁሉም በጥቁር ኮት ሥር ቡናማ ሰደርያ ለብሰዋል። «ፋሽን ነው» አለኝ አንዱ። እኔን ግን ብርድ ብርድ አለኝ።

አያቴም እሑድ እሑድ ኪዳነ ምሕረት ሲሄዱ እንደዚያው ነበር የሚለብሱት። ሰደርያው የአጎቴ ነው። አጎቴ ቡናማ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ሊወጣ ሲል፣ ሞቀኝ ብሎ ሰደርያውን አውልቆ ወንበር ላይ ጣለው፤ ወጥቶ ቀረ።

አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ የረገጥነው የባሕር ዛፍ ቅጠል እየሸተተን፣ «አባባ፣ ከኮትዎ ጋር እኮ አይሄድም» አልኳቸው።

ቁልፎቹን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «አውቃለሁ ልጄ። ሲመጣ እንዳይበርደው እያሞቅኩለት ነው።»

አያቴ ካረፉ ቆዩ። ሚዜዎቹ ሲሳሳቁ፣ ዓይኔ ከሰዉ መሃል ቡናማ ኮት ያለ ሰደርያ የለበሰ ሰው ይፈልግ ነበር።