እናቶቻችን የተዋደዱባት ቅዳሜ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከሥራ ሲመለስ በካርቶን የታሸገ ምግብ ይዞልኝ መጣ። ከቦሌ እስከ የካ አባዶ ያለውን መንገድ የሄደበት ያውቀዋል፤ ታክሲ ተሰልፎ፣ ተጋፍቶ፣ ቤት እስኪደርስ ምግቡ ቀዝቅዟል። መጥበሻ ላይ አሞቀውና ፊቴ አስቀመጠው።

«እማዬ፣ ይሄን ቅመሺው። የህንድ ምግብ ነው፣ ግን በጤፍ ነው የሚሠሩት። አዲስ ነገር ነው፤ ሰው ሁሉ ስለሱ ነው የሚያወራው።»

ስስ ቂጣ ነው፤ ጠርዙ ሲነኩት ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ውስጡ በእርድ ቢጫ የሆነ ድንች፣ የተቆላ ሰናፍጭና ዝንጅብል አለበት። አንዴ ጎረስኩና ቀሪውን ሳህኑ ላይ መለስኩት።

«አልጣፈጠሽም እንዴ?»

«ጣፍጦኛል» አልኩት። እውነቴን ነው። ግን ያን ምግብ እሱ ሳይወለድ በልቼው አውቃለሁ፤ እንዳልጨርሰው ያደረገኝም ጣዕሙ አልነበረም።

ያኔ ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ቦሌ እንደ ዛሬው በፎቅ አልታጠረችም። ከዋናው መንገድ ገባ ሲባል ትልልቅ ግቢ ያላቸው ቪላዎች ነበሩ፤ ባለቤቶቻቸው አንድ በአንድ ለቢሮ ያከራዩዋቸው ነበር። እኔም ከነዚያ ቪላዎች በአንዱ፣ ዕቃ ከወደብ የሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። ቤታችን ጉርድ ሾላ ነው። አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ በአሰብ መስመር እየተመላለሰ ከቤት የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። እናቴ ከድጃ የወሎ ሰው ናት፤ ሶላቷን ጠባቂ፣ ሳቂታ፣ ሰው ካልተመገበላት የማትረጋ።

ዮናስ ፎቶ ኮፒ ማሽን ጠጋኝ ነበር። የማሽኑ ቀለም በሳሙና አይለቅም፤ የጥፍሮቹ ዙሪያ ሁልጊዜ ጥቁር ነው። የቢሯችን ማሽን በየወሩ ይበላሽ ነበር። ኋላ ኋላ ዮናስ ሳይበላሽም መምጣት ጀመረ። አለቃዬ «ይሄ ልጅ ማሽኑን ነው ወይስ አንቺን ነው የሚጠግነው?» ብለው ሲስቁብኝ ፊቴን ወደ ታይፕራይተሩ እደፋለሁ።

እሱ ክርስቲያን፣ እኔ እስላም። መጀመሪያ ላይ ይህ ነገር ብዙም አልታየንም፤ እንደ እኩዮቻችን ሁሉ ቦሌ መንገድ ላይ ወክ እናደርጋለን፣ ጭማቂ እንጠጣለን፣ ኬክ እንካፈላለን። ችግሩ የሚመጣው ምሳ ሰዓት ላይ ነው። እኔ የእሱን ሥጋ አልበላም፣ እሱም የኔን። የጾም በያይነቱ ብናዝዝ እንኳ «ድስቱ ምን ነበረበት? ቢላው ምን ቆርጦበታል?» የሚለው ሐሳብ ከኔ አይጠፋም። ሁለት ሰዎች እየተዋደዱ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው በሁለት ሳህን መብላት እንዴት እንደሚከፋ የደረሰበት ያውቀዋል።

አንድ ቀን ዮናስ ቢሮዬ ድረስ እየሮጠ መጣ። «ሰዓዳ ሙች፣ ለኛ ተብሎ የተከፈተ ቤት አግኝቻለሁ።»

ከአየር ማረፊያው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለ ቪላ ነው። በሩ ላይ በእጅ በተጻፈ ሰሌዳ «ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል የለም» ይላል። ባለቤቷ ሚና የምትባል ህንዳዊት ናት። አባቷ ደሴ ሒሳብ ያስተምሩ ስለነበር እዚያው ነው ያደገችው፤ በሃይማኖቷ ሥጋ እቤቷ አይገባም። አፏን ስትከፍት የወሎ አማርኛ ነው የሚወጣው። ሰዎች «ህንዷ ቤት» ይሉት ነበር፤ ሆኖም የምትሠራው ምግብ የህንድም የኛም ነው ለማለት ያስቸግራል። ሽሮውን በኮኮናት ወተት ታንተከትከዋለች። አይቡን ጨምቃ አጠንክራ እንደ ሥጋ ቆራርጣ ከቆስጣ ጋር ትጠብሰዋለች። የምስር ሳምቡሳውን ሰባብራ እርጎ ታፈስበትና ላዩ ላይ ሚጥሚጣና የተቆላ ከሙን ትነሰንሳለች። ቂጣዋ ደግሞ ያው ልጄ ያመጣልኝ ዓይነት፣ የጤፍ ሊጥ ከተፈጨ ምስር ጋር ተቦክቶ የሚጋገር ነው። የመጀመሪያ ቀን ግራ ገባን። ሁለተኛውን ጉርሻ ስንወስድ ግን ተያየን። ከአንድ ሳህን ነበር የምንበላው። ዮናስ ዳር ዳሩ ጥቁር በሆነ እጁ ጠቅልሎ አጎረሰኝ፤ እኔም አጎረስኩት። ከዚያ በኋላ ሌላ ቤት አልሄድንም።

ስለ ጋብቻ መነጋገር ስንጀምር አባቴን ማሰብ አስፈራኝ። የዮናስ እናት፣ ወይዘሮ አሰለፈች፣ ባለቤታቸው የሞቱባቸው፣ ገርጂ በልብስ ስፌት የሚተዳደሩ ሴት ናቸው። አባቴን ማሳመን የምትችል እናቴ ብቻ ናት፤ እሷን ደግሞ ማን ያሳምናት?

«እናቶቹን እናገናኛቸው» አለ ዮናስ። «ቤት ውስጥ ከሆነ አንዷ የሌላዋን ምግብ አትነካም። ተቀያይመው ይለያያሉ። ሚና ቤት ግን አብረው ይበላሉ። አብሮ የበላ ሰው እንዴት ይጣላል?»

እኔም አመንኩት። ወጣት ስለነበርን ትልቁ ችግር ጥል ይመስለን ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ የተቃረበበት ቅዳሜ ነው። ገርጂ ያኔ ጭቃ ነበረች። ወይዘሮ አሰለፈች ጫማቸውን በፌስታል ይዘው መጥተው፣ በሩ ላይ ዮናስን ተደግፈው ቀየሩ። ንጹሕ ነጭ ነጠላ ለብሰዋል። እናቴም ለኢድ የምትለብሰውን ሻሽ አስራለች። ሁለቱም ለምን እንደመጡ ያውቃሉ። ሁለቱም ፈርተዋል።

«ደህና ኖት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ?»

«አልሃምዱሊላህ።»

ከዚያ ተቀመጥን። እናቴ ሚናን ጠርታ ድስቷ ሥጋ ነክቶት እንደሆነ በሹክሹክታ ጠየቀቻት። ሚናም «ኧረ እናቴ፣ ይሄ ቤት ከተከፈተ ሥጋ በበሩም አላለፈ! አብሽሪ፣ ብይ» አለቻት። እናቴ በደስታ ጭኗን መታች። «ወላሂ ይቺ ህንድ ያገሬ ልጅ ናት!»

ወይዘሮ አሰለፈች ሳቁ። ሽሮውን ቀምሰው ወደ እናቴ ዘንበል አሉና «ይሄን ሽሮ ወተት ያጠጡት ምን አጥፍቶ ነው?» አሉ። እናቴ በሳቅ ፈነዳች። ሳምቡሳው ሲመጣ የጓዳ ወሬ ጀምረዋል፤ ቆስጣው ሲመጣ «እርስዎ» ቀርቶ «አንቺ» ሆኗል። ዮናስ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን በእግሩ ነካ አደረገኝ። ከደስታ ብዛት መብላት ረሳሁ።

ወሬያቸው ስለ ልጆች ሆነ። ወይዘሮ አሰለፈች የዮናስን ታላቅ ወንድም ግርማን አነሱ። ለውትድርና ተወስዶ ሰሜን ጦር ሜዳ ነው የቀረው። እናቴ የያዘችውን ጉርሻ አስቀመጠች።

«መርዶ መጣልሽ?»

«የለም። ጦርነቱ አልቆ ሰው ሁሉ ሲገባ እሱ አልገባም። በቃ።»

«የኔም ሰይድ እንደዚያው ነው» አለች እናቴ። «እኩያ ናቸው። ማን ያውቃል፣ አብረውም ይሆናል።»

ስለ ወንድሜ እናቴ ለባዕድ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም፤ አባቴ ፊት ስሙ አይነሳም ነበር። ወይዘሮ አሰለፈች ከቂጣው ቆረሱ፣ ድንቹን ጠቀለሉና እናቴን አጎረሷት። እናቴ እያለቀሰች ዋጠች፤ ከዚያ እሷም አጎረሰቻቸው።

እጃቸውን ሊታጠቡ አብረው ተነሱና ብዙ ቆዩ። ሲመለሱ እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። ዓይናቸው ቀልቷል። ከመቀመጣቸው በፊት የሆነ ነገር እንዳለቀ ገባኝ፤ ያለቀው ግን ለኛ በሚበጀን መንገድ መሰለኝ።

«ልጆቼ» አሉ ወይዘሮ አሰለፈች፣ ሁለታችንንም እያዩ። «ከእናትሽ ጋር ተነጋግረናል። አንቺን የመሰለች ልጅ ለልጄ ከየት አገኛለሁ? ግን አይሆንም።»

ዮናስ «እማዬ!» አለ።

«ስማኝ እንጂ። የወንድምህን መቃብር አላውቀውም። የት እንደወደቀ ሳላውቅ ነው ተዝካሩን ያወጣሁት። አንተ ነህ የቀረኸኝ። ነገ ልጅ ስትወልዱ ማን ይሉታል? ክርስትና ይነሳል ወይስ ምን? ብትሞቱ የት ነው የምትቀበሩት? አንዳችሁ እዚህ፣ አንዳችሁ እዚያ? ሁለተኛ ልጄንም የት ብዬ እፈልገዋለሁ?»

እናቴ ፀጉሬን ዳሰሰችኝ። «ሰዓዳዬ፣ አባትሽን ታውቂዋለሽ። ቤቱን ይዘጋብሻል። እኔ ደግሞ በድብቅ እየመጣሁ፣ እየተመለስኩ መኖር አልችልም። አንዱን ልጄን መሬት ወሰደብኝ። አንቺን በቁምሽ አልቅበርሽ፣ የኔ እናት። ከዚህች ሴት ጋር ባልገናኝ ኖሮ እንቢ ብዬሽ ትጠዪኝ ነበር። እሷም እንደኔው ናት። ማን ላይ ልትቆጪ ነው?»

ቢሳደቡ ኖሮ እንከራከር ነበር። አንዷ የሌላዋን ሃይማኖት ብታንቋሽሽ፣ ተነስተን አብረን እንወጣ ነበር፤ ዮናስ ናዝሬት ሥራ እንዳለ ሲነግረኝ ከርሞ ነበርና። ግን እንደዚያ ተያይዘው፣ ተቃቅፈው እያለቀሱ ለመኑን። ሚና በኮረሪማ የፈላ ሻይ አምጥታ፣ ፊታችንን አይታ፣ አስቀምጣው ሄደች።

በር ላይ ዮናስ የእናቱን ጫማ ቀየረላቸው። ጎንበስ እንዳለ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ እናቱን ደግፎ ጭቃውን እያለፈ ሄደ።

ሌላ ጊዜም ተገናኝተናል። ቦሌ መንገድ ላይ እንሄድና አንዳችንም ሳንናገር መጨረሻው ላይ እንደርሳለን። አንድ ቀን ማሽኑን ሊጠግን ሌላ ሰው መጣ፤ የዮናስን ቦታ እንደተካ ነገረኝ። ቀኑን ሙሉ ስጽፍ ዋልኩ፣ ማታ ደብዳቤዎቹን ሁሉ አለቃዬ እንደገና አስጻፉኝ።

እናቶቻችን ግን አልተለያዩም። ለኢድ ወይዘሮ አሰለፈች ድፎ ዳቦ ይዘው ይመጣሉ፤ ለፋሲካ እናቴ ብርቱካንና ሙዝ ተሸክማ ገርጂ ትወርዳለች። ሲታመሙ ይጠያየቃሉ። እናቴ «አሱዬ» ትላቸው ነበር። እኔ ሻይ ቀድቼላቸው እንግዳ ክፍል ውስጥ ሲሳሳቁ እሰማለሁ፤ ሳቃቸውን መጥላት እፈልግና እንቢ ይለኛል።

በሦስተኛው ዓመት ይሁን በአራተኛው፣ አባቴ የመረጠልኝን ሰው አገባሁ። ደግ ሰው ነበር፣ አላህ ይዘንለትና፤ አንድ ቀን ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። በሠርጌ ቀን ወይዘሮ አሰለፈች መጥተው ከእናቴ ጎን ተቀመጡ። ሲስሙኝ ጉንጫቸው እርጥብ ነበር። በመስኮት ስመለከት ዮናስ ከግቢያችን በር ማዶ ቆሟል። እናቱን አድርሶ መመለሻቸውን እየጠበቀ ነው። የእናቴ እህት እንግዳ መስሏት «ግባ እንጂ ልጄ፣ ምሳ ብላ» ስትለው፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገናትና አልገባም። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ሚና ቤቱን ዘግታ ወዴት እንደሄደች አላውቅም። ቪላው ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል፤ በዚያ ስናልፍ የትኛው እንደሆነ እንኳ መለየት አልችልም። እናቶቻችንም የሉም። የወይዘሮ አሰለፈችን መሞት ከእናቴ ደብቀን ነበር፤ ስታውቅ «ለምን አላስለቀሳችሁኝም?» ብላ ብዙ ቀን አኮረፈችን።

«በልቼው አውቃለሁ» ስለው ልጄ ከሳህኑ ማዶ ሆኖ ያየኛል። «ድሮ ነው የበላሽው? ከማን ጋር?»

«ከእናቴና ከጓደኛዋ ጋር» አልኩት። ውሸት አይደለም።

የተረፈውን እሱ በላው፤ እኔ ሲበላ አየሁት። እሱን አግኝቻለሁ፣ ቤት አለኝ፣ ጤናዬም ደህና ነው፤ አላማርርም። ግን አንዳንዴ አስባለሁ። ያን ዕለት የበደለኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ቂም ይዤ፣ ስንት ዓመት አልቅሼ፣ አንድ ቀን ይቅር ብዬው ይቀለኝ ነበር። እዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ግን የተቀመጥነው ሁላችንም የምንዋደድ ሰዎች ነበርን። ይቅር የምለው ሰው አላገኘሁም።