በተሻለች ግራር ላይ የነበሩት

ተሻለች ከደራ ከተማ ወጣ ብሎ ባል ቤት የገባች ጊዜ ጥንብ አንሳ ስታይ ድንጋይ ታነሳ ነበር። ማን የማያነሳ ነበር? ደጃፍ ላይ ካረፈ ሞት ሸተተው ይባላል። ባለቤቷማ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በጠመንጃ ነበር የሚያባርራቸው። ያኔ ሰማዩ በእነሱ ይጠቁር ነበር፤ ድንጋይም ጥይትም የሚጨርሳቸው አይመስልም።

ኋላ ቁጥራቸው ሳሳ። የሞተ ከብት የሚያነሳ ጠፍቶ ሰፈሩ ከከረፋ፣ በዚያ የደለበው ውሻም ሰው መንከስ ከጀመረ ወዲያ ተሻለች ድንጋዩን ተወችው። አንድ ጥንድ ከጓሮዋ ግራር ላይ ጎጆ ሲሠሩ፣ ዛፉን ለከሰል አልሸጥም አለች። ዘንድሮ አንድ ጫጩት ፈለፈሉ።

"እትዬ ተሻለች፣ ሰው ዶሮ ያረባል፣ እርስዎ ጥንብ አንሳ!" ይላታል ጎረቤቷ ጫምሳ።

"ዶሮ ባረባማ አንተ መች ታስተርፍልኛለህ?" ትለዋለች።

ጅብ የጫምሳን አህያ የበላ ሰሞን ግን ሳቁ ቀረ። ጫምሳ አዳማ ሄዶ መርዝ አመጣና የተረፈውን ሥጋ ለወሰው።

"ኧረ በፈጠረህ፣ ወፎቹ ያልቃሉ!" አለችው።

"ጅብ የሚመጣው በጨለማ ነው እትዬ። ጎህ ሲቀድ፣ እነሱ ሳይወርዱ፣ እቀብረዋለሁ። ዋቃ ምስክሬ ነው!"

ዋሽቶ አልነበረም። ጎህ ሲቀድ የእድር ጥሩምባ ተነፋ፤ የጎረቤታቸው የወዬሳ እናት አርፈው ኖሯል። ሬሳ ሳይቀበር የራሱን ሥራ የሚሠራ ሰው በዚያ ሰፈር የለም። ጫምሳም አካፋውን ይዞ መቃብር ሊቆፍር ሄደ።

ተሻለች ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ቀና ብትል፣ ወፎቹ ከጫምሳ እርሻ በላይ እየዞሩ ይወርዳሉ። ልትነሳ አለች። ሬሳ ሳይወጣ ጥሎ መሄድ፣ ያውም ለጥንብ አንሳ ተብሎ፣ በምን አፍ ይነገራል? ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ሴቶቹ ለሟቿ መስሏቸው አጽናኗት።

ከቀብር ሲመለሱ ሁለቱም ወፎች ከሥጋው አጠገብ ክንፋቸውን ዘርግተው ወድቀዋል። የጅብ ዱካ እንኳ አልነበረም።

ጫምሳ አካፋውን መሬት ላይ ጣለና፣ "ዛፉ ላይ ወጥቼ ጫጩቱን ላውርድልዎ?" አላት።

"አውርደህስ? መብረር ልታስተምረው ነው?"

እሷም ከግራሩ ሥር ሥጋ አስቀምጣ ሞከረች። ጫጩቱ አንገቱን ከጎጆው አውጥቶ ሰማይ ሰማዩን ያያል እንጂ ወደ ታች አላየም። በማግስቱ ድምፁ ሰለለ። ተሻለች የጓሮውን በር ዘግታ ተቀመጠች፤ በተዘጋውም በር ግን ይሰማ ነበር።