የሚካኤል ጽዋ በሃራሙስ

የንስሐ አባቴ ስለ እኔ ብዙ ያውቃሉ። ሥርዓት ስለምወድ ኃጢአቴን እንኳ ወረቀት ላይ ጽፌ፣ ቁጥር ሰጥቼ ነው የምሄደው። እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ይሰማሉ። አንዱን ግን አንድም ቀን ወረቀቱ ላይ አስፍሬው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኩም፤ ለባለቤቴም አልነገርኩም። ዛሬ ለእናንተ እነግራለሁ። ፊታችሁን ስለማላይ ይሆን የደፈርኩት? እንደዚያ ከሆነ ይህም ፍርሃት ነው። ቢሆንም እጀምራለሁ።

መጀመሪያ ቦታውን ላስረዳ። ሃራሙስ ከጅቡቲ ከተማ ወጣ ብሎ ባሕሩ ዳር ያለ የባለጸጎች ሰፈር ነው። ግንቡ ነጭ ነው፣ በሩ ብረት ነው፣ በየበሩ ወንበር ላይ የተቀመጠ ዘበኛ አለ። ሚኒባስ ወደ ውስጥ አይገባም፤ የሚኖርበት ሰው ሁሉ መኪና ስላለው የሚገባበት ምክንያት የለም። በእግሩ የሚሄድ ሰው ካያችሁ ወይ ዘበኛ ነው ወይ የቤት ሠራተኛ። ባሕሩ ራሱ ሁልጊዜ እዚያ አይደለም። ውኃው ሲሸሽ እስከ ሩቅ ድረስ ጭቃ ብቻ ይቀራል፤ ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች ይራመዱበታል፣ ሽታው እስከ መኝታ ቤት ይደርሳል። ከሰገነቱ ላይ ሆኖ ላየው ወደቡና ተራ የሚጠብቁት መርከቦች ይታያሉ። ድምፅ ግን የለም። ኤርኮንዲሽን ያጉረመርማል፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይነሣል፣ ሌላ ምንም የለም።

እኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፣ የመምህርነት ትምህርቴን ከጨረስኩ ሁለት ዓመቴ። ወይዘሮ ሶስናና ባለቤቷ ሁለት ሴት ልጆቻቸው በፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት አማርኛቸውን እየረሱ ስለተቸገሩ አማርኛ እንዳስተምርላቸው ከአዲስ አበባ አስመጡኝ። ባለቤቷ ወደብ ላይ የኢትዮጵያን ጭነት የሚያስተላልፍ ነጋዴ ነው፤ ጠዋት ወጥቶ ማታ ይገባል። ወይዘሮ ሶስና ሰገነቱ ላይ ተቀምጣ ጭቃውን ታያለች። ደግ ሴት ነበረች፤ ግን ወሬ አትጀምርም፣ እኔም አልጀምርም። የእኔ ክፍል ከበሩ አጠገብ፣ ጄኔሬተሩ ጎን ነበረች። ንጹሕ ክፍል ናት። ግድግዳው ላይ የሳምንቱን የትምህርት ዕቅድ በአራት ቀለም ለጥፌ ነበር። ትምህርት አሥር ሰዓት ላይ ይጀመራል፣ አሥራ ሁለት ላይ ያልቃል። የቀረውን ሰዓት ምን እንደማደርገው ዕቅዱ ላይ አልነበረም። በወር ውስጥ ከሁለቱ ልጆች በቀር ስሜን የጠራኝ ሰው እንደሌለ አንድ ቀን ቆጥሬ ደረስኩበት።

እማማ አስካለን ያገኘኋቸው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነው። ባለቤታቸው የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ከድሬዳዋ ይዘዋቸው ከመጡ ዕድሜ ልካቸውን ጅቡቲ ኖረዋል። ያኔ አሮጌው ባቡር ቆሟል፣ ባልየውም ሞተዋል። እሳቸው ካርቲዬ ሁለት በሚባለው የከተማው የድሆች ሰፈር በአንዲት ክፍል ይኖራሉ።

«አዲስ ፊት ነሽ። የት ነው የምትኖሪው ልጄ?» አሉኝ።

«ሃራሙስ።»

«ውይ፣ ማን ቤት?»

«አክስቴ ቤት» አልኩ።

በዚህች ቃል ነው ሁሉም የጀመረው። ለምን አልኩት? ማንም አላስገደደኝም። ሃራሙስ የሚኖር ሐበሻ ወይ ባለቤት ነው ወይ ሠራተኛ፤ እኔ መምህርት ነኝ ብዬ ከሠራተኛ መቆጠርን ጠላሁ። ለማን ነው የኮራሁት? ለእማማ አስካለ፣ አርባ ዓመት የፈረንጅ ልብስ ሲያጥቡ ለኖሩ ሴት።

እሳቸው የሚካኤል ማኅበር ነበራቸው፤ እኔንም ጋበዙኝ። ማኅበር ለማታውቁ ላስረዳ። ማኅበርተኞች በየወሩ በተራ በአንድ ሰው ቤት ይሰበሰባሉ፤ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይጠጣል፣ ጸሎት ይደረጋል። በመጨረሻ ጽዋው ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ይሰጣል። ተረኛው ጽዋውን ወደ ቤቱ ይወስዳል፤ በወሩ ጽዋው ወዳለበት ቤት ሁሉም ይመጣል። ጽዋ ተቀብሎ በሩን የሚዘጋ ሰው አለ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። እንዲህ ያለውን ሰው የሚከለክል ሕግም የለም፤ ያስፈልጋል ብሎ ያሰበ ስለሌለ ነው።

ጅቡቲ የዕረፍት ቀን ዓርብ ስለሆነ የእነሱ ማኅበር ለ12 በሚቀርበው ዓርብ ይወጣ ነበር። ዓርብ ደግሞ ጾም ነው። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪው፣ አቶ ወንድሙ የሚባሉ የባቡር ጡረተኛ ነበሩ። «የእኛ ሚካኤል ምስኪን ነው፤ ሽሮ ለምዷል» ይሉና ራሳቸው ይስቃሉ። እኔም ሳቅሁ። ከስንት ወር በኋላ እንደሳቅሁ አላስታውስም። በተረኛው ጠባብ ክፍል ጉልበቴ ከሰው ጉልበት ጋር ተጋጭቶ ተቀምጬ፣ ያለ ኤርኮንዲሽን በላብ እየተጠመቅሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ሦስት ጊዜ ሄድኩ። በአራተኛው፣ በግንቦት፣ ተረኛ ማን ይሁን ሲባል እጄን አወጣሁ። እንደ ተማሪ።

አቶ ወንድሙ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «መምህርት፣ አንቺ እኮ በሰው ቤት ነው ያለሽው። አክስትሽ ይፈቅዳሉ?»

«ይፈቅዳሉ። ሰገነቱ ሰፊ ነው፣ ባሕር ያሳያል» አልኩ።

«ባሕርማ አይቻለሁ፤ ስልሳ ዓመት አየሁት» አሉ። ሰው ሳቀ።

እማማ አስካለ ጣልቃ ገቡ። «ስጧት። ዋሷ እኔ ነኝ።»

ጽዋው ነሐስ ነው፤ ክዳን አለው። ባለቤታቸው በባቡር ጥገናው ቤት ከተጣለ የሞተር ዕቃ ጠርበው የሠሩት ነው፤ ከሥሩ የመስቀል ምልክት አለው። እማማ አስካለ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ሲሰጡኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ዳቦውንም ጠላውንም እኔ አመጣለሁ። አንቺ በሩን ብቻ ክፈቺልን» አሉኝ። አክስት ያላት ልጅ ዳቦ የምትጋግርበት ቦታ አይቸግራትም። ያኔ ይህን አላስተዋልኩም። አሁን ግን እንደማምነው፣ የዚያን ቀንም ያውቁ ነበር።

አንድ ወር ነበረኝ። ወይዘሮ ሶስናን ማስፈቀድ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ዕቅዴ ላይ «ማስፈቀድ» ብዬ በቀይ ጻፍኩ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ገጽ ላይም ደግሜ ጻፍኩ፤ በሦስተኛውም። ሰገነቱ ላይ ስታየኝ «ምነው?» ትለኛለች፣ «ምንም» እላለሁ። እምቢ ትለኛለች ብዬ ነው የፈራሁት? አይደለም። ለራሴ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ብያለሁ፤ ውሸት ነው። የፈራሁት እሺ ብትለኝ ነው። እሺ ካለች ይመጣሉ፤ ከመጡ እማማ አስካለ «የእህትዎ ልጅ እኮ ደግ ናት» ይሏታል፣ እሷም የምን እህት ትላለች። አንዲት ቃሌን ለማዳን ስድስቱን ማኅበርተኞች ልሠዋ እየተዘጋጀሁ ነበር።

ዓርቡ ደረሰ። ወሩ ሰኔ ነው፤ የጅቡቲን ሰኔ የማያውቅ ሰው ምድጃ ከፍቶ ፊቱን ያስገባ። ስልኬን ጠዋት አጠፋሁት። ከዚያ ወደ ዘበኛው ሄድኩ። ፋራህ ይባላል፤ ድሬዳዋ ያደገ ሶማሌ ነው፣ አማርኛው ከእኔ ይፈጥናል።

«ዛሬ ሰዎች ይመጣሉ። የለችም በላቸው» አልኩት።

«የት ሄደች ልበል?»

«የለችም ብቻ በል።»

«ልብስሽ እኮ ገመዱ ላይ ተሰጥቷል፤ ብቻውን መጣ ልበላቸው?»

ልብሴን ከገመዱ ሰበሰብኩ። ይህንንም አደረግሁ። ክፍሌ ገብቼ በሩን ቆለፍኩ፤ ጽዋውን ከቁም ሳጥኑ አውጥቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። ለምን እንዳወጣሁት አላውቅም።

አምስት ሰዓት ግድም መጡ። ክፍሌ በሩ አጠገብ ናት ብያችኋለሁ፤ ሁሉም ይሰማኛል። ጽዋውን ስቀበል በነገርኳቸው ምልክት፣ ከሚኒባሱ መውረጃ በዚያ ፀሐይ በእግር ነው የመጡት። ሲተነፍሱ ሰማኋቸው።

«ይህ ነው ቤቱ?» አለች አንዲት ሴት።

«እኔ የወደቡ መጋዘን መስሎኝ ነበር» አሉ አቶ ወንድሙ።

ፋራህ «የለችም» አለ።

«እንዴት የለችም? ተረኛ እኮ ናት።»

«የለችም አባባ።»

«እሺ፣ አክስቷን ጥራልና።»

«የማንን አክስት?»

በግንቡ ማዶ ልባቸው ሲደርስበት የሰማሁ መሰለኝ። ከዚያ የእማማ አስካለ ድምፅ መጣ፤ ፈጠን ያለ ነበር። «ተወው፣ አትጠይቀው። ታማ ይሆናል። ይህ ሙቀት ለአዲስ ሰው መች ይሆናል?»

«አስካለ፣ ዋሷ አንቺ ነሽ» አሉ አቶ ወንድሙ። በዚህ ጊዜ አልቀለዱም።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አሉ።

በሩን ለመክፈት ስድስት እርምጃ ይበቃኝ ነበር፤ ኋላ በእግሬ ለክቼዋለሁ። አልከፈትኩም። እኔ ነኝ ያልከፈትኩት። ፍርሃቴ አይደለም፣ ወጣትነቴ አይደለም፣ ቤቱ የሰው መሆኑም አይደለም፤ እኔ ነኝ። ፋራህ ከራሱ ጀሪካን ውኃ እየቀዳ በተራ ሲያጠጣቸው የኩባያውን ድምፅ እሰማ ነበር። ከዚያ እግራቸው ራቀ።

ፋራህ ክፍሌን አንኳኳ። በጨርቅ የታሰረ ድፎ ዳቦ ይዟል፤ ገና ለብ ይላል።

«ሴትዮዋ ‹ስትመጣ ስጣት፣ ሳትበላ እንዳትውል› ብለዋል። ጠላውን መልሰው ይዘው ሄዱ» አለኝ። ሊሄድ ሲል ዘወር አለ። «መምህርት፣ ሌላ ቀን የለሁም ማለት ከፈለግሽ ራስሽ ወጥተሽ ንገሪያቸው።»

ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ሶስና ከሰገነቱ ወረደች። «በር ላይ ነጠላ የለበሱ ሰዎች አየሁ። እነማን ናቸው?»

ይህ ሁለተኛው በር ነበር፤ ክፍት ሆኖ መጥቶልኝ ነበር።

«ቤት ተሳስተው ነው» አልኩ።

ወደ በሩ ዞረች። ኋላ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ እንደምትናገር፣ «ምነው ቢሳሳቱም ባስገባሻቸው» አለች። «ስድስት ዓመት እዚህ ስኖር ነጠላ የለበሰ ሰው ይህን በር አንኳኩቶ አያውቅም። ወርጄ እስክደርስ ሄደዋል።»

ወርጄ እስክደርስ። እሷ ደረጃውን እየወረደች ነበር ማለት ነው፤ እኔ ጽዋውን ታቅፌ ተቀምጬ ሳለ።

ያኔ ልነግራት እችል ነበር። መኪናውን አስነሥታ መንገድ ላይ ትደርስባቸው ነበር፤ በዚያ እግራቸው ሩቅ አይሄዱም። አልነገርኳትም። እሷ ወደ ሰገነቷ ወጣች፣ እኔ ወደ ክፍሌ ገባሁ። ዳቦውን ብቻዬን በላሁት፤ ለስድስት ሰው የተጋገረ ነውና አራት ቀን ፈጀብኝ። በመጨረሻው ቀን ደርቆ በሻይ እየነከርኩ በላሁ። መጣል አልቻልኩም። መካፈልም አልቻልኩም፤ ከየት መጣ ይባላላ።

ከዚያ በኋላ እነሱን ላለማግኘት ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተውኩ። ጽዋውን ልመልስ እያልኩ በየዓርቡ ቀጠሮ ያዝኩ፣ በየዓርቡ ሰረዝኩ። ካርቲዬ ሁለት ከሃራሙስ ሩቅ አይደለም። በነሐሴ ሥራዬ አለቀ፤ ልጆቹ አማርኛ አንብበው ሸኙኝ፣ ወይዘሮ ሶስና አቀፈችኝ። ጽዋው በሻንጣዬ፣ በመጽሐፎች መካከል ነበር። ለፋራህ ትቼው ብሄድ እንኳ ያደርስልኝ ነበር። ያን ያህል እንኳ አላደረግሁም፤ ከየት እንዳመጣሁት ሲጠይቀኝ ዓይኑን ማየት ስለሚኖርብኝ ነው።

አሁን ዓመታት አልፈዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ትልቅ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼ ቃሏን የምትጠብቅ መምህርት ይሉኛል። ጅቡቲ የሚመላለስ ሾፌር ጎረቤት አለኝ። ባለፈው ወር ጽዋውን በካርቶን አሽጌ፣ አድራሻውን በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጽፌ በእሱ ልልክ ወጣሁ። መኪናውን እያስነሣ ነበር። «ምንድን ነው ዕቃው?» አለኝ። ካርቶኑን ይዤ ተመለስኩ። በእጅ የተቀበሉት ነገር በጭነት መኪና አይመለስም ብዬ ለራሴ አስረዳሁ። ማስረዳት አያቅተኝም፤ ይህን እስካሁን ሳትታዘቡ አልቀራችሁም።

እማማ አስካለ ይኑሩ ይሙቱ አላውቅም። ማወቅ አቅቶኝ አይደለም፤ ጠይቄ አላውቅም። ማኅበሩ ሌላ ጽዋ ይግዛ፣ ይበተን፣ እሳቸው በዋስነታቸው ምን ይባሉ፣ አልጠየቅሁም። ይህንንም ከበደሉ ጋር ቁጠሩልኝ። ይቅርታ ከእናንተ አልጠይቅም፤ በፀሐይ የቆማችሁት እናንተ አይደላችሁም።

በየወሩ በ12 ጽዋውን አጥቤ፣ አድርቄ፣ መደርደሪያው ላይ እመልሰዋለሁ። ጠጥቼበት አላውቅም። ልጄ የማን ነው ስትለኝ የሰው ነው እላታለሁ። ተረኛው ግን እኔ ነኝ፤ ዛሬም እኔ ነኝ።