ወደ ታች የተለካው ገደል

የተቀጠርኩ ዕለት ሜትሩን ያስያዙኝ የፊዚክስ መምህር ናቸው። ዶክተር ይባላሉ፤ መርፌ ግን ይዘው አያውቁም። የእኔ ማዕረግ «ሜትር ጎታች» ሲሆን ከእኔ በታች የነበረችው በቅሎዋ ብቻ ናት፤ እሷም ትእዛዜን የምትቀበለው ደስ ሲላት ነበር።

ሥራችን ኒውትሪኖ የሚባለውን ነገር ማጥመጃ ቦታ መፈለግ ነው። ኒውትሪኖ ከፀሐይ የሚወጣ፣ ከብናኝ እጅግ ያነሰ ቅንጣት ነው፤ ተራራውንም፣ በሬውንም፣ እኔንም ሳይነካ ሰንጥቆ ያልፋል። ከሰማይ ግን ሌላም ብዙ ቅንጣት ይዘንባል። ያንን የሚያስቀር ወፍራም አለት ከላይ ያስፈልጋል። ስለዚህ ገደል ሥር ያለ ዋሻ እንፈልጋለን።

አዲስ አበባ ያለው ኮሚቴ ገንዘብ የሚሰጠው ለአንድ ጥናት ብቻ ነበር። ክረምት ሳይገባ የአለቱን ልክ ካላቀረብን ለሌላ ይሰጣል፤ የዶክተሩ የስንት ዓመት ምኞትም፣ የእኔ እንጀራም አብሮ ይሄዳል። ዶክተሩ በዕቅዳቸው ላይ በቅድሚያ መሣሪያ፣ ቀጥሎ ቤት፣ ቀጥሎ መንገድ ብለው ጽፈዋል።

እስቴ ሄድን። ሜትሩን ስዘረጋ አገሩ ወጣብን። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ ሜትር ያረፈበትን መሬት ግብር ይከተለዋል ተብሎ ይፈራ ነበር። ስማዳ ላይማ ገና ሜትሩን ከኪሴ ሳላወጣ ተባረርን። በቅሎዋ እንደዚያ ሮጣ አታውቅም፤ እኔ ግን ቀደምኳት።

የቀረን ታች ጋይንት ነው። ከአርብ ገበያ ወጣ ብሎ ካለው ገደል አፋፍ ላይ አንድ ባላምባራስ፣ የአገር ሽማግሌ ናቸው፣ ዱላቸውን ተደግፈው ጠበቁን። ከኋላቸው ከገበያ የሚመለሰው ሁሉ ቆሟል፤ በእኔ ግምት የጋይንት እኩሌታ።

«ምን ልትለኩ ነው የመጣችሁ?»

«ባላምባራስ፣ እኛ የምንፈልገው ከፀሐይ የሚመጣ እንግዳ ነው» አልኩ። «አሁን እንኳ ስንነጋገር በእርስዎ ውስጥ ሺህ ጊዜ አልፏል።»

«በእኔ ውስጥ? ሳያስፈቅደኝ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። «አንተ፣ ቀልድህን ተወውና ንገረኝ። ይሄ ሜትር ወዴት ነው የሚዘረጋው?»

ሌላ ግነት ሳሰናዳ ዶክተሩ ቀደሙኝ። «ወደ ታች ብቻ ነው፣ ባላምባራስ። ከዚህ አፋፍ እስከ ዋሻው ጣሪያ። ወደ ጎን አንድ ክንድ አልፈልግም።»

ባላምባራስ ገደሉን ቁልቁል አዩትና ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ለቁልቁለት ግብር የከፈለ አለ?»

ማንም አልነበረም።

«እንግዲያስ ወደ ታች እንደ ልባችሁ! ወደ ጎን አንዲት ስንዝር ብትሄዱ ግን፣ ይህን ቀልደኛ ነው ወደ ታች የምንለቀው።»

ጎበዛዝቱ የአህያቸውን መጫኛ ፈትተው ቀጣጠሉና ወገቤን አስረው አወረዱኝ። የገደሉ ጥልቀት ለልጆቼ ስተርክ በየዓመቱ ይጨምራል፤ ለኮሚቴው የሰጠነው ግን ትክክለኛውን ነው። ከዋሻው ጣሪያ ደርሼ «ነካሁት!» ስል የላይኛው እልልታ ገደሉን ሊንደው ምንም አልቀረው።

ዶክተሩ ያን ዕለት ዕቅዱን ቀየሩት። አዲስ አበባ ተመልሰን በኮሚቴው ፊት ሲያነቡት ሜትሬን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። በቅድሚያ፦ ለአገር ሽማግሌዎች መወያያ፣ በግ።

«ኒውትሪኖ በግ ይበላል እንዴ?» አሉ ሰብሳቢው።

«አይበላም፣ ጌታዬ። ገደሉን የፈቀዱልን ሰዎች ግን ይበላሉ።»

ሰብሳቢው እየሳቁ ፈረሙ። በጉን አርብ ገበያ ገዝቼ አፋፉ ድረስ ተሸክሜ ያደረስኩት እኔ ነኝ፤ በሬ ያክል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዕቅድ ሲወጣ አይቻለሁ። መጀመሪያ የሚጻፈው ውዱ ዕቃ አይደለም፤ ያለ እሱ ሌላው የማይጀመረው ነው።