የጋፋት ድንችና የማይታየው አየር

ደብረ ታቦር በግብርና ባለሙያነት በተቀጠርሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በየካቲት ወር፣ አንድ ቄስ በነጠላቸው ጫፍ የድንች ቅጠል ቋጥረው ቢሮዬ ገቡ። ጋፋት ላይ በመስኖ ድንች የሚያለሙ፣ ረጋ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው። ቋጠሮውን ጠረጴዛዬ ላይ ፈቱና «ልጄ፣ እስቲ ይህን እዪልኝ» አሉኝ።

ቅጠሉን ጥቃቅን ቡናማ ነጠብጣብ ወርሶታል። ብዙም አላሰብሁ። «የሻጋታ በሽታ ነው አባ፤ መድኃኒት ይርጩበት» አልኋቸው። የመድኃኒቱን ዓይነት በወረቀት ጽፌ ሰጠሁና መርቀውኝ ሄዱ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰው መጡ።

«እንዳልሽኝ ሁለት ጊዜ ረጨሁ። ባሰበት እንጂ አልተሻለውም» አሉ። በድምፃቸው ወቀሳ አልነበረም፤ እኔን የከበደኝም ይኸው ነው። ቦርሳዬን አንሥቼ አብሬያቸው በእግር ወረድሁ።

ማሳው ውስጥ ተንበርክኬ ቅጠሉን ገለበጥሁት። ሻጋታ ቢሆን ኖሮ ጀርባው ላይ ነጭ ነገር ባየሁ ነበር። ጀርባው ግን ንጹሕ ነው። ነጠብጣቡ ያለው ከላይ በኩል፣ በቅጠሉ ጅማቶች መካከል ብቻ ሲሆን የተጎዱትም አሮጌዎቹ ቅጠሎች ናቸው። ለዚያውም ሻጋታ እርጥበት ይፈልጋል፤ ያን ሰሞን ዝናብም ጉምም አልነበረም። ይህን ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ማየት ነበረብኝ። ፊቴ ጋለ።

«አባ፣ ተሳስቻለሁ። ያን መድኃኒት በከንቱ ነው ያስረጨሁዎት።»

«እና ምንድን ነው?»

«አላውቅም።»

«ደግ» አሉ ቄሱ፣ «አላውቅም ካልሽማ ፈልጊያ።»

ማታውኑ ዩኒቨርሲቲ ላስተማረኝ መምህር ስልክ ደወልሁለት። ነገሩን ሰምቶ ሲያበቃ የጠየቀኝ ስለ ድንቹ ሳይሆን ስለ ሰማዩ ነው። ፀሐዩ እንዴት ነው? ጭስ አለ? ጭስስ ነበር፤ በዚያ ወር ቆላው ላይ ሣርና ቁጥቋጦ ሲቃጠል አድማሱ ይደበዝዛል። የመኪናና የእሳት ጭስ ኃይለኛ ፀሐይ ሲያገኘው ኦዞን የሚባል አየር እንደሚወጣው፣ ነፋስም ሩቅ እንደሚወስደው፣ ቅጠል በሚተነፍስባቸው ቀዳዳዎች ገብቶ ከውስጥ እንደሚያቃጥል አስረዳኝ። መስኖ የጠጣ ተክል ደግሞ ቀዳዳዎቹን ከፍቶ ስለሚውል ይብስበታል። ለማረጋገጥ የሚረዳ፣ ቅጠልን ከዚህ አየር የሚከላከል ዱቄት እንደሚልክልኝም ነገረኝ።

ለቄሱ ስነግራቸው ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ኦዞን? በራዲዮ ኦዞን ሳሳ ብለው ሲያዝኑ ሰምቻለሁ። ከፀሐይ የሚጋርደን ነው አላሉም?»

«ያ ላይ ሰማይ ያለው ነው አባ። እዚያ ሲሆን ይጋርደናል፤ እኛ ዘንድ ሲሆን ያቃጥላል።»

«በቦታው ሲሆን ደግ፣ ቦታውን ሲለቅ ክፉ» አሉ። «ሰውም እንዲሁ ነው።»

በሚቀጥለው በጋ ስድስት መስመር ድንች ሰጡኝ። ሦስቱን በዱቄቱ ውሃ፣ ሦስቱን በተራ ውሃ አጠጣ ነበር። በየዐሥር ቀኑ ጠዋት ከከተማ ወደ ጋፋት የምወርድበት የእግር መንገድ እስካሁን ትዝ ሲለኝ ደስ ይለኛል። የካቲት ሲጋመስ ልዩነቱ ከሩቅ ይታይ ጀመር፤ ሦስቱ መስመር አረንጓዴ፣ ሦስቱ ተነጠብጥቦ ቢጫ። ቆፍረን ስንመዝንም ዱቄት የጠጣው ድንች ቅርጫት በየጊዜው ሚዛኑን ደፋ።

«የማላየው ነገር ሲዘርፈኝ ኖሯል» አሉ ቄሱ።

ከዚያ የፈራሁትን መናገር ነበረብኝ። ዱቄቱ ለምርመራ ብቻ ነው፤ የጠጣው ድንች አይበላም፣ ይቀበራል።

«ደህናውን ቀብረን ደካማውን እንብላ?» ሲሉ ባለቤታቸው ቦዩ ዳር ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ጉድጓዱን ቆፍረን ስንጨርስ ቄሱ «ታዲያ ለእኛ ምን ጠቀመን?» ብለው ጠየቁኝ። መልሱ ከባለቤታቸው መጣ።

«ያ ነጭ አበባ የሚያወጣው ድንችስ ለምን አልተነጠበጠም?»

ወደ ማሳው ጥግ ወሰዱኝ። ለጓዳቸው ብለው ራሳቸው የተከሉት ጥቂት የቆየ የአገሬው ዘር ነበር። ቅጠሉን አንድ በአንድ ገለባበጥሁት። ንጹሕ ነው ማለት ይቻላል።

«እማማ፣ እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አሉኝ።

በቀጣዩ ዓመት የማሳውን እኩሌታ በዚያ ዘር ሸፈኑት። ፍሬው አነስ ይላል፤ ቅጠሉ ግን እስከ መጨረሻው አልረገፈም፣ ምርቱም ካምናው በለጠ። ጎረቤቶች ዘር ለመኑ፣ ተሰጣቸው። ጭሱ ዛሬም በየበጋው ይመጣል፤ እሱን አላሸነፍነውም።

ያን የአገሬውን ድንች የቆፈርነው በዐቢይ ጾም ነበር። ቄሱ ቀድሰው እስኪመለሱ እኔም እማማም ሳንቀምስ ጠበቅናቸው። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ መጡ፤ ባረኩና ትኩስ ቅቅል ድንች በጨውና በሚጥሚጣ ቀረበ። እጄን እያቃጠለኝ ላጥሁ፣ በላሁ፣ ደገምሁ። እማማ እየደጋገሙ ይጨምሩልኝ ነበር።