የሩፋኤል ዝናብ በሙኒክ

ዛሬ ጳጉሜ ሦስት ነው። ጠዋት የእንጦጦ ጫፍ በደመና ሲሸፈን አየሁና ሰማያዊውን ሳፋ አውጥቼ ከጣሪያው አሸንዳ ሥር ደቀንኩት። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ሳፋውን ሲመቱትና ከላይ ከዳገቱ የረጠበ ባሕር ዛፍ ሽታ ሲወርድ መቀመጥ አቃተኝ፤ ገባሁ፣ ወጣሁ፣ መልሼ ገባሁ። ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ «አንተ ሰውዬ፣ ወንበሩ እሾህ አለው እንዴ?» ትለኝ ነበር። ዕድሜ ልኩን የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ጡረታ ሲወጣ ወንበር ሁሉ እሾህ እንደሚሆንበት እሷ ከየት ታውቃለች።

እኔ ያደግሁት እዚሁ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። ያኔ ቤቱ ጥቂት፣ አጥሩ ቁልቋል፣ መንገዱ ክረምት ሲገባ ወንዝ ነበር። በሩፋኤል ዕለት ሰማይ ይከፈታል፣ የሚዘንበውም ጠበል ነው ስለሚባል እናቴ ጋኑንም ባልዲውንም፣ የተሰነጠቀውን ድስት ሳይቀር ደጅ ትደረድራለች፤ በዚያ ውኃ ነው የዓመት በዓሉ ዳቦ የሚቦካው። እኛ ልጆች ግን ዳቦው አልነበረም የሚያስቸኩለን። ዝናቡ «ዷ» ሲል ልብሳችንን ወርውረን ራቁታችንን ግቢ ለግቢ እየሮጥን «ሩፋኤል አሳድገኝ! ሩፋኤል አሳድገኝ!» እያልን እንዘላለን። እኔ ከሰፈሩ ልጅ ሁሉ አጭር ስለነበርኩ ድምፄ እስኪዘጋ ነበር የምጮኸው። የባለሱቁ ልጅ ጀማልም አብሮን ይዘላል፤ እናቱ «ሂድ፣ ዝናቡስ የአላህ አይደል!» ብለው ይለቁት ነበር። ታዲያ ከሁላችንም በልጦ የተመዘዘው ጀማል ሆነ። ለእኔ የተሰጠኝ ቁመት መሪ ለመጨበጥ ያህል ብቻ ነው፣ እሱም ከሥሬ ትራስ እያደረግሁ።

አምና ልጄ ሂሩት «አባዬ፣ ክረምቱን ከእኛ ጋር አሳልፍ፣ እዚህ በጋ ነው» ብላ ሙኒክ ወሰደችኝ። እኔ ክረምትን ያለ ዝናብ አላውቅም። ከተማው ንጹሕ ነው፣ ዛፉ ብዙ ነው፣ ሰዉ አይጮህም፤ እኔ ግን ከሳሎን ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ ማድ ቤት ስመላለስ ወለሉን ልጨርሰው ደረስኩ። በትራም ስንሄድ ደግሞ መታጠፊያ በመጣ ቁጥር ቀኝ እግሬ ሳላዘው ወለሉን ይረግጣል። የልጅ ልጄ ሊያ፣ የስድስት ዓመቷ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ከእናቷ ቀሚስ ጀርባ ሆና ነበር የምታየኝ። እግሬን ስታይ ግን ሳቀች፤ በማግሥቱ አጠገቤ ተቀምጣ በትንሽ ጫማዋ አብራኝ መርገጥ ጀመረች። ትራሙ ሲቆም ያቆምነው እኛ ነን ብለን እንተያያለን። ወዳጅነታችን በፍሬን ተጀመረ።

ሊያን የከበዳት ነገር ነበር። በጋው ሲያልቅ አንደኛ ክፍል ትገባለች፤ ፎቁ ላይ የምትኖር አንዲት ልጅ ግን «ቦርሳሽን ስትሸከሚ ቦርሳው ብቻውን የሚሄድ ነው የሚመስለው» ብላታለች። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት የሚል ቃል ሲነሣ አልጋ ሥር ትገባለች። በየጠዋቱ ከማድ ቤቱ በር መቃን ተደግፋ በእርሳስ ታስለካኛለች፤ «አባባ፣ ዛሬስ?» ትላለች፤ ምልክቱ ትናንት ያለበት ነው። እኔ ያንን ጭንቀት አውቀዋለሁና አንጀቴን በላችው። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ የሩፋኤልን ነገር ነገርኳት፤ «ዕለቱ ሲደርስ በዝናቡ እንዘላለን፣ አንቺንም ያሳድግሻል» አልኳት። ዐይኗ በራ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእርሳሱ ይልቅ ሰማዩን ማየት ያዘች።

ይኼኔ ነው የገባኝ፤ ቃል የገባሁት በሰው አገር ዝናብ ነው። ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ጥርት ብሏል። ሂሩት ስትሰማ «አባዬ፣ ለልጅ የማይሆን ተስፋ አትስጥ» አለችኝ፤ እውነቷን ነው። ቲኬቴ የተቆረጠው ለጳጉሜ አራት ነበር። ሩፋኤል ካልዘነበ ልጅቱን ዋሽቼ፣ አልጋ ሥር ትቻት ልሳፈር ነው።

ዕለቱ ደረሰ። ሂሩት ሥራ ገባች፣ እኛ መስኮቱ ላይ ዋልን። ቀትር ሆነ፣ ፀሐይ። ሻንጣዬን አሰርኩ፣ ፈታሁ፣ ደግሜ አሰርኩ። ሊያ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ቀረች፤ እሱ ነው የባሰብኝ። ወደ ማምሻው ግን ከሕንፃዎቹ ጀርባ ጥቁር ደመና ብቅ አለ፣ ነፋስ ተነሣ፣ ያቺ ሽታ፣ የደረቀ አፈር ውኃ ሲነካው የምትወጣው፣ እዚያም አገር አለች ለካ! ሸሚዜን አውልቄ፣ ሊያን በውስጥ ልብሷ ይዤ ደረጃውን ወረድኩት። የግቢው ሣር ላይ ዝናቡ ሲወርድብን እኔ ሽማግሌው «ሩፋኤል አሳድገኝ!» እያልኩ ዘለልኩ፤ እሷም «ሩፋዬል አሳዲገኝ!» እያለች ዘለለች። ምድር ቤት የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ምን እንደደረሰብን ጨንቋቸው ጃንጥላ ይዘው ወጡ። በራሴ ላይ ሊዘረጉልኝ ይጠጋሉ፣ እኔ ከሥሩ አመልጣለሁ፤ ይከተሉኛል፣ አመልጣለሁ።

ሂሩት የደረሰችው እንዲህ ሆነን ነው። «አባዬ! ምን ሆነሃል? ትታመማለች እኮ!»

ሊያ ሮጣ እጇን ያዘቻት። «ማሚ፣ አንቺም በይ! አሳድገኝ በይ!»

ሂሩት ቆመች። ውኃው በፊቷ ይወርዳል። በሊያ ዕድሜ ሳለች እዚህ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ግቢያችን ውስጥ፣ ዛሬ ሳፋ በደቀንኩበት አሸንዳ ሥር፣ እጇን ይዤ አብሬያት የጮኽኩት እኔው ነኝ፤ አላሳፈረንም፣ አደገች፣ እንጦጦ እስከማይታይበት አገር ድረስ አደገች። «እኔ ይበቃኛል የኔ ቆንጆ» አለቻት ቀስ ብላ፣ «እኔ አድጌያለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና ደረቴ ላይ አለቀሰች። አሮጊቷም ዕድሉን አግኝተው ጃንጥላውን ዘረጉብን። ሊያ ሳምንት ቆይታ ትምህርት ቤት ገባች፤ ቦርሳዋን ይዛ፣ ሳታለቅስ።

ዛሬ ሳፋውን ከደቀንኩ በኋላ ደወልኩ። እዚያም እየዘነበ ነው። የመቃኑ ምልክት ሁለት ጣት ከፍ ብሏል አለችኝ ሂሩት። «በይ ውጪ እንጂ፣ ሩፋኤል እኮ ነው!» አልኳት ሊያን። «አባባ፣ አሁን ትልቅ ነኝ» አለችኝ፤ «ጓደኞቼ ያያሉ።»

ስልኩን ዘግቼ ደጅ ወጣሁ። የጀማል እናት ቤት የነበረበት ላይ ፎቅ ቆሟል፤ ሁለት ሕፃናት ከመስኮቱ መስታወት ጀርባ ዝናቡን ያያሉ፣ የሚለቃቸው የለም። ባርኔጣዬን አውልቄ ዝናቡ ሥር ቆምኩ። ቀና ብዬ ለሩፋኤል ልጮህ ስል «ትልቅ ነኝ» ያለችው ሊያ ትዝ አለችኝ። ዝቅ ብዬ ሳይ ቀኝ እግሬ ጭቃውን ጥብቅ አድርጎ ረግጧል፤ ሳላዘው ፍሬን ይዟል።